ታፔላ የሌላቸው ምሳ ቤቶች

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን አስጎብኚ ሆኗል። «ቲቸር፣ እንግዶች ይዤ ነው» አለኝ። «ብሔራዊ ሙዚየምን አይተዋል፣ እንጦጦም ወጥተናል፣ ማታ ጭፈራ ያለበት የባህል ምግብ ቤት ወስጃቸዋለሁ። ዛሬ ግን ‹አንተ ራስህ ምሳህን የምትበላበት ቤት ውሰደን› አሉኝ። እኔ እንኳ ከቤት በሳህን ቋጥሬ ነው የምወጣው። የት ልውሰዳቸው?»

ቀላል ጥያቄ መሰለኝ። «ቆይ፣ ጽፌ ልላክልህ» ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ካዛንቺስ ሦስት ቤት ጻፍኩ። ዶሮ ማነቂያ ሁለት። መርካቶ አንድ። ስድስት ኪሎ አንድ። ሰባቱን ጽፌ እንደጨረስኩ ነው የነቃሁት። ከሰባቱ አምስቱ የሉም። ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሰፈሮቹም የሉም። የፒያሳውና የዶሮ ማነቂያው በ2016፣ የካዛንቺሱ ደግሞ በ2017 ፈርሷል። እጄ ግን ገና አልሰማም ነበር።

ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ሌላም ነገር ታዘብኩ። ከሰባቱ የአንዱንም ስም አልጻፍኩም። «ከግንቡ ጀርባ»፣ «ደረጃው ሥር ያለችው»፣ «የእትዬ ቤት» ነው ያልኩት። የረሳሁት ስም የለም፤ ስም አልነበራቸውም። አንዳቸውም ታፔላ አልሰቀሉም።

ቱሪስት እነዚህን ቤቶች ለምን አያያቸውም ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ ታፔላ የላቸውም። ታፔላ ለምን የላቸውም ብትሉኝ ግን ያ የታሪክ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ጡረታ ብወጣም የታሪክ ጥያቄ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልበትም። ታውቁኛላችሁ።

*

ከመጀመሪያው እንነሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ወደ ከተማዋ የመጣ ሰው የት ነበር የሚበላው? ቤት ያለው ቤቱ። ጌታ ያለው ጌታው ቤት። ወታደሩና መኳንንቱ ደግሞ ቤተ መንግሥት፣ ግብር። የምኒልክ የግብር አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ አንድነት ፓርክ የገባችሁ አይታችሁታል። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየተፈራረቀ፣ መኳንንቱ ቀድሞ፣ ጭፍራው ተከትሎ፣ ጥሬ ሥጋውንና ጠጁን የሚያገኝበት ቤት ነበር። መንገደኛውስ? መንገደኛማ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ በር ያንኳኳል።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የለም። የሚበላው ሰው ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ ሎሌ ነው፣ ወይ እንግዳ ነው። የበሰለ ምግብ ለማያውቁት ሰው በገንዘብ መስጠት ለጨዋ ሰው የሚያሳፍር ነገር ነበር። «እንጀራ ሸጠች» ከተባለ ሙገሳ አልነበረም።

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. የተሠራውን ሆቴል ሲከፍቱ ይህን ልማድ ነው የተጋፈጡት። ብዙ ጊዜ የሚተረከውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ሆቴሉ ተከፍቶ የሚበላ ሰው ጠፋ። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉ፤ ሲጨርሱም ሒሳብ ከፈሉ። ሰው በልቶ መክፈል ነውር እንዳልሆነ ያየው ያኔ ነው ይባላል። ዝርዝሩ ላይ ተራኪው ትንሽ ቅመም ጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። እዚህ ከተማ ምሳ በልቶ ለመክፈል ንጉሥ ምሳሌ መሆን ነበረበት።

እስኪ አንድ ነገር አስቡ። አንድም አልጋ የሌላት፣ አራት አግዳሚ ወንበር ያላት ምግብ ቤት ለምንድነው «ሆቴል» የምትባለው? ክፍለ ሀገር የተዘዋወራችሁ «እገሌ ሆቴል» ገብታችሁ መኝታ ስትጠይቁ የተሳቀባችሁ አትጠፉም። የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ እኛ በገንዘብ መብላትን የለመድነው በሆቴል በኩል ስለሆነ ቃሉ ከአልጋው ይልቅ ከእንጀራው ጋር ተጣበቀ። ልኳንዳም ያው ነው። በጣሊያንኛ «ሎካንዳ» ማደሪያ ቤት ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሥጋ ቤት ሆነ። ማደሪያ የተባለውን ሁሉ ምግብ ያደረግን ሰዎች ነን።

*

ይህ የእቴጌዋና የመኳንንቱ ታሪክ ነው። ተጽፏል፤ ሕንፃውም በጥር 2007 ከደረሰበት የእሳት አደጋ ተርፎ ዛሬም ቱሪስት ይጎበኘዋል። ያልተጻፈው ከዚያ ጎን የነበረው ነው።

ከተማው ሲያድግ ከገጠር የመጣች፣ ባል የሞተባት ወይም የፈታች፣ መሬት የሌላት ሴት በእጇ የነበረው ሙያ አንድ ነው። ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ አረቄ ማውጣት፣ እንጀራ መጋገር። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ቀን ገበያ ማታ መኝታ። ምልክቷ ታፔላ አልነበረም፤ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ደጃፍ ላይ ማቆም ነበር። ያቺን ጣሳ ያየ ሁሉ «ጠላ አለ» ብሎ ይገባል። ማንበብ አያስፈልግም። ጠላው ሲያልቅ ጣሳዋ ትወርዳለች፤ በቃ፣ ተዘጋ ማለት ነው።

ስሟንስ ለምን አትጽፍም? ብትጽፍ የሚያነብላት ጥቂት ነው። ከዚያ የባሰው ግን ስሟን መስቀል አትፈልግም ነበር። «ጠላ ሻጭ» ስድብ ነበር፤ «የቡና ቤት ልጅ» የባሰ ስድብ። ከተማውን የመገበችው ሴት ከተማው ውስጥ ስሟን ደብቃ ነው የኖረችው። እናም ቤቱ «የእትዬ ቤት» ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው የታፔላ ማጣት ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው በጣሊያን ጊዜ ይመጣል። ታፔላ የሚለው ቃል ራሱ ከነሱ የቀረ ነው፤ ፉርኖ፣ ስጎ፣ መኮሮኒ፣ ባንኮኒ፣ ማኪያቶ እንደሚባሉት። ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ጣሊያን ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ብዙ ሠራ። የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ አለው። ለራሱ መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ «ካሴ ኢንቺስ» የሚባሉ ቤቶችን ሠራ። ካዛንቺስ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። «ካሴ ፖፖላሪ» ደግሞ ፖፖላሬ ሆነ። የፊት ለፊቱ መንገድ፣ መስታወቱና ታፔላው ለፈረንጅ፤ ጓሮው ለአገሬው ሰው። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ሲባረር ይህ አቀማመጥ አብሮት አልሄደም። የእኛ ምሳ ቤቶች ከግንቡ ጀርባ፣ በጓሮ በር፣ ደረጃ ሥር የሆኑት አንዱ በዚህ ነው።

አስጎብኚዎች ቱሪስቱን «የጣሊያን ቅርስ» ብለው ፒያሳ ወስደው ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ፓስታ ያበሉታል። ጥሩ ፓስታ ነው፤ አልክድም። የአዲስ አበባ ፓስታ ግን ሌላ ነው። ስጎው በርበሬ ገብቶበት ቀይ ወጥ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ከላዩ ቃሪያ የተደረገበት፣ በእንጀራ ላይ ፈስሶ በእጅ የሚጠቀለል። ሹካ ከጠየቃችሁ «እንግዳ ነህ?» ትባላላችሁ። አንድ ሕዝብ የወራሪውን ምግብ ወስዶ በራሱ እንጀራ ሲጠቀልለው ማየት የፈለገ ሰው ሙዚየም አያስፈልገውም። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ምሳ ቤት ይግባ።

መርካቶም እንዲሁ ናት። ጠዋት የሚበላው ፉል ስሙም ዐረብኛ ነው። የሰፈር ሱቅ «ዐረብ ቤት» በሚባልበት ዘመን ከነበሩት የየመን ነጋዴዎች ጋር ይያያዛል። ከአብዮቱ በኋላ ብዙዎቹ ሄዱ፤ ፉሉ ግን ቀረ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ እንቁላሉ እየተደረበበት የእኛ ሆነ። ክትፎውን ከነቆጮው ያመጡት ደግሞ ከጉራጌ ምድር ለሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሸክም ተሸክመው፣ ሊስትሮ ሠርተው፣ ሱቅ በደረቴ ይዘው፣ ቀስ በቀስ የመርካቶ ነጋዴ የሆኑ። በመስቀል ሰሞን መርካቶ የሄደ ሰው የተዘጋውን ሱቅ ብዛት አይቶ ከተማዋን ማን እንደሚያንቀሳቅሳት ይገባዋል።

*

ሦስተኛው ምክንያት አዋጅ ነው። ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ አውጥቼዋለሁ። «ውጤቱን ዘርዝሩ» ስላችሁ የቤት ባለቤትነት፣ የቀበሌ መቋቋም፣ የኪራይ መቀነስ ብላችሁ ትጽፉ ነበር። አንድም ቀን ግን ምሳ ብላችሁ የጻፈ የለም። እኔም አላስተማርኳችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ በጥቂት ብር ቆመ፤ ዓመታት አለፉ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ብሩ ረከሰ፣ ኪራዩ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። በዚህ ኪራይ ውስጥ ያለች ሴት ሽሮ በርካሽ መሸጥ ትችላለች። መኖሪያ ተብሎ በተሰጣት ቤት ውስጥ ስለምትሸጥ ታፔላ አትሰቅልም፤ ብትሰቅል «ፈቃድ አምጪ» ትባላለች። በመሀል ከተማ፣ ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጀርባ፣ ተላላኪውም ጸሐፊዋም የክፍል ኃላፊውም የሚችሉት ምሳ ለአርባ ዓመት የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑና የአፍሪካ አዳራሽ ለካዛንቺስ ቅርብ ናቸው። በፊት በኩል የአህጉሩ ስብሰባ፣ በጀርባ በኩል የሾፌሮቹና የጥበቃዎቹ ተጋቢኖ። ሁለቱም የከተማዋ ታሪክ ናቸው፤ አንዱ ግን ባንዲራ አለው።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

እኔ አዲስ አበባ የተመደብኩት በ1979 ነው። የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ነበር። ለዚያን ጊዜ ደህና ብር ነው። ግን እናቴ ጎጃም፣ ሁለት ታናናሾቼ ትምህርት ላይ፣ የቤት ኪራይ እዚህ። ወር በገባ በሃያኛው ቀን ኪሴ ይደርቃል። አንድ ባልደረባዬ ነው «ና፣ ኮንትራት ላስገባህ» ብሎ ካዛንቺስ እትዬ ቤት የወሰደኝ።

ኮንትራት ለማታውቁ ልጆች፤ በወር አንዴ ትከፍላለህ፣ በየቀኑ ትበላለህ። ብር ካጠረህ ደግሞ ዱቤ አለ። እትዬ ቤት ስድስት አግዳሚ፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ አንድ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ነበር። «ምን አለ?» ትላለህ፤ ልጃቸው አንድ ትንፋሽ ላይ ትዘረግፈዋለች፣ «ሽሮ፣ በያይነት፣ ፍርፍር፣ ምስር፣ ተጋቢኖ»። የፍስክ ቀን ከሆነ ቅቅልና ጥብስ ይጨመራል። ማዘዣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም።

ደብተር ግን ነበር። እትዬ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ጀምረው «እሳቱን ማን ይጠብቅልኝ» ብለው ትተውታል። ስለዚህ የዱቤውን ደብተር የሚጽፈው ባለዕዳው ራሱ ነው። በልተህ ስትነሳ ደብተሩን ከባንኮኒው ታነሳለህ፣ ገጽህን ታወጣለህ፣ «ረቡዕ፣ ሽሮ» ብለህ ትጽፋለህ። ማንም አያይህም። ስምም አልነበረም፤ ቅጽል ነው። «ሾፌሩ»፣ «ባለመነጽሩ»፣ «ሻምበል»፣ «ቲቸር»፣ «ትንሹ ቲቸር»። ትንሹ ቲቸር እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ደፍሬ «እትዬ፣ ሰው አሳንሶ ቢጽፍብዎትስ?» አልኳቸው። ከምድጃው ቀና ሳይሉ «የበላው እሱ፣ የጻፈው እሱ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አሉኝ። ተሸማቀቅሁ። እውነቱን ልናገር? ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሳልጽፍ ወጥቼ ነበር። የዚያን ዕለት ሦስቱንም ጻፍኩ።

የእንጀራውም ቀለም ታሪክ ነበረው። በዚያን ጊዜ እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ከተማ እንደልብ አይገባም፤ ኬላ ላይ ይፈተሻል፣ ይያዛል። ጤፍ ሲጠፋ እትዬ ማሽላ ይቀላቅላሉ፣ እንጀራው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። «ዛሬ ኬላው ጠብቋል» እንባባላለን፣ እንጀራውን አይተን። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግዱ ሲላላ ሬድዮ ያልሰማ ሰው እንኳ ከእትዬ እንጀራ ማወቅ ይችል ነበር። ነጣ።

ግንቦት 1983 መጣ። ሠራዊቱ ተበተነ፣ መንግሥት ተለወጠ። እትዬ ቤት ለጥቂት ቀን ተዘግቶ ተከፈተ። ሾፌሩ መጣ፣ ባለመነጽሩ መጣ። ሻምበል አልመጣም። ሌሎችም ሦስት አራት ሰዎች አልመጡም። ገጾቻቸው ደብተሩ ላይ ነበሩ። «ሰኞ፣ ፍርፍር» ይላል የሻምበል የመጨረሻው መስመር። እትዬ ስለ ዕዳው ሲያነሱ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። «ወዴት ወደቀ ይሆን?» ብቻ ይሉ ነበር፣ ሰኞ ሰኞ።

*

ዓመታት አለፉ። ትምህርት ቤት ቀየርኩ፣ አገባሁ፣ ምሳዬ ቤት ሆነ። እትዬም አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቤቱን ልጃቸው ያዘችው። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እበላ ነበር።

መስከረም 2017 ላይ ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው ሲባል ሄድኩ። ምሳ በላሁ። ልጅቷ፣ አሁን ልጅ አትባልም፣ የራሷ ልጆች አሏት፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ከቆጡ ላይ አንድ ካርቶን አወረደች። ደብተሮቹ ነበሩ። አምስት፣ በገመድ የታሰሩ። ከፈትኩት። ጽሕፈቴን አወቅሁት። «ረቡዕ፣ ሽሮ። ሐሙስ፣ ሽሮ። አርብ፣ ሽሮ። ቅዳሜ፣ ደመወዝ፣ ቅቅል!» ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ የሻምበልን ገጽ አገኘሁት፤ ዝም አልኩ።

ልጆቼ፣ እኔ «ቀዳሚ ምንጭ» እና «ሁለተኛ ምንጭ» እያልኩ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እጄ ላይ የነበረው ቀዳሚ ምንጭ ነው። የደርግ ዘመን የምሳ ዋጋ በየቀኑ፣ በተመጋቢው በራሱ እጅ። የጾምና የፍስክ ቀን ልዩነት። ሠራተኛው ብር የሚያልቅበት ቀን። ጦርነቱ ማንን ከገበታ እንዳነሳ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው መዝገብ ቤት ይገኛል?

ስልኬን አወጣሁ፣ ፎቶ ላነሳ። ባትሪው ዘግቷል። «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ አስቀምጪልኝ» አልኳት። «ምን ቸገረኝ» አለች። የእሷን ስልክ ቁጥር እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ለቅሶ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ደግሞ አመመኝ። በአራተኛው ሳምንት ስሄድ ሜዳ ነው። ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት የቀረውን አንድ ዛፍ ይዤ ስለካ ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። በማንም ላይ አላላክክም።

እዚህ ላይ ፍርድ ላለማዛባት አንድ ነገር ልበል። እነዚህን ቤቶች ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። እትዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው በጭስ የታወረ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው የጋገሩት። መጸዳጃው ለአሥር አባወራ አንድ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል፤ ከተማም ይለወጣል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል። የእኔ ቁጭት ከመንገዱ ጋር አይደለም። ቤት ሲፈርስ ማን እንደኖረበት፣ ምን እንደተበላበት ቀድሞ የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ነው። ታፔላ የሌለው ቤት ሲፈርስ «ምን ፈረሰ?» ተብሎ የሚጻፍ ስም እንኳ የለም።

*

ልጅቷን ያገኘኋት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ በአንድ የድሮ ደንበኛ በኩል፣ ገላን ጉራ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ሸራ ወጥራ ምሳ ትሸጣለች። ደንበኞቿ አጠገቡ ግንባታ ላይ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ኮንትራት አላት። ዱቤም አላት፤ አሁን ግን በስልኳ ነው የምትመዘግበው፣ ክፍያውም በቴሌብር። ታፔላ የላትም።

«ደብተሮቹስ?» አልኳት።

ደነገጠች። «ቲቸር፣ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ እኮ። ዕቃ ስንጭን ቦታ ጠበበ። የድሮ ዕዳ ነው፣ ማን ይከፍለዋል ብዬ ለቁራሌው ሰጠሁት።»

ምን እላታለሁ? እሷ ቤቷን ስታጣ እኔ ባትሪዬን ቻርጅ ማድረግ አቅቶኝ ነው። ምሳዬን በላሁ። ሽሮው የእትዬ ነው፤ እጅ ይወረሳል ማለት ይሄ ነው። ስጨርስ «እስኪ ቁጭ በዪ» አልኳት፣ «ስለ እናትሽ ንገሪኝ፣ ልቅዳው።» ሳቀች፤ «እናቴ ምን ታሪክ አላት? ወጥ ስትሠራ ነው የኖረችው» አለች። ሁለት ሰዓት ተኩል አወራን። እትዬ ከየት እንደመጡ፣ የመጀመሪያዋን ምጣድ በስንት እንደገዙ፣ ዕድር ውስጥ ምን እንደነበሩ። ለአርባ ዓመት ያህል ያወቅኋቸው ሴት ሙሉ ስማቸውን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እናንተ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ማርክ የለውም። በዚህ ሳምንት ታፔላ የሌለው ምሳ ቤት ፈልጉ። መፈለጊያውን ልንገራችሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የባንክ ሠራተኞችና ሾፌሮች ወደየት እንደሚታጠፉ ተከተሉ። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ይመረጣል፤ የቤት ሙያ የሚለየው በጾም ነው። «ምን አለ?» በሉ እንጂ ማዘዣ አትጠብቁ። ብሉ፣ ክፈሉ። ከዚያ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ባለቤቷን አስፈቅዳችሁ ጠይቋት። ከየት መጣሽ? ማን አስተማረሽ? ይህ ቤት ከአንቺ በፊት ምን ነበር? ጻፉት። ፎቶ አንሱ። ስልኳን ያዙ። ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጉ።

ያ አስጎብኚ ተማሪዬስ? እውነቱን ነገርኩት፤ «ከጻፍኩልህ ሰባት ቤት አምስቱ የሉም። ሩቅ ነው ካላልክ ግን አንድ ቦታ ልንገርህ።» እንግዶቹን ይዞ ገላን ጉራ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። ከጀርባው የሰው ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ቲቸር፣ በጣም ወደዱት። ለጓደኞቻቸው ሊነግሩ ነው፣ የቤቱ ስም ማን ይባላል እያሉኝ ነው። ታፔላ ፈለግኩ፣ የለም። ማን ልበላቸው?»

የእትዬን ሙሉ ስም ነገርኩት። ፊደል በፊደል አስጻፍኩት።

የእናንተስ ሰፈር «የእትዬ ቤት» የት ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።